የሰደፍ ጎማ ሳይቀደድ እንዴት ይወልቃል?

(በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጠመንጃ ነው። ስለ ተኩስ ግን አይደለም። ስለ ዒላማም አይደለም፤ እሱንስ እናንተ ለእኛ ታስተምሩናላችሁ እንጂ እኛ ለእናንተ አናስተምርም። የምንነጋገረው ሰው ሁሉ አሳንሶ ስለሚያያት አንዲት ዕቃ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ ትከሻ ላይ የሚያርፈው የእንጨቱ ክፍል ሰደፍ ይባላል። በሰደፉ ጫፍ ላይ ብረት፣ ወይም ቆዳ፣ ወይም ጎማ ተለብጦ ይገኛል። ይህ ልባስ ሳይቀደድ፣ እንጨቱም ሳይሰነጠቅ፣ እንዴት ሊወልቅ ይችላል? የዛሬው ጥያቄያችን ይኸው ነው።

«ይኸማ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ቢላዋ አስገብቶ መፈንቀል ነው እንጂ!» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ተማሪዎቹ ፊደል ለማስተማር በየቤቱ ስንዞር ያየነው ይኸንኑ ፍንቀላ ነው። ጎማው ዳር ዳሩ የተቦጫጨቀ፣ የብሎኑ ራስ የተላጠ፣ የሰደፉ ጥግ የተቦደሰ ጠመንጃ ብዙ አይተናል።

ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት እናት ቤት አንድ አሮጌ ምንሽር ተሰቅሏል። የባላቸው አባት ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ዱር ገብተው ሲዋጉበት የነበረ ነው። ቤቱ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ቅርስ የለም። ልጃቸው የሰደፉ ብረት ዝጎ ስላየ ሊያጸዳው አሰበ። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን የማጭድ ጫፍ ከታች በኩል አስገብቶ ወደ ላይ ፈነቀለው። ብረቱ ወለቀ፤ ከብረቱ ጋር ግን አንድ ስንዝር የሚያህል እንጨት ተሰንጥቆ መጣ። እናቲቱ የተሰነጠቀውን እንጨት በነጠላቸው ጠቅልለው አስቀምጠውታል። «ጣሊያን ያልሰበረውን ማጭድ ሰበረው» ብለው ነገሩን።

ይህን ጉዳይ ለንግግር የመረጥነው ከዚያ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ጎማው ለምን እንደሚያስፈልግ እንይ። ጥይት ወደ ፊት ሲወረወር ጠመንጃው ወደ ኋላ ይራገጣል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ጣና ዳር የሄደ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። ታንኳ ላይ ቆሞ ወደ ዳር የሚዘል ሰው፣ እሱ ወደ ፊት ሲሄድ ታንኳው ወደ ኋላ ይሸሻል። ሰውየው በከበደና በፈጠነ መጠን ታንኳውም አብዝቶ ይሸሻል። ጠመንጃም እንዲሁ ነው። የጥይቱ አረር ከባድና ፈጣን ሲሆን ርግጫው ይበረታል። ጠመንጃው ራሱ ከባድ ሲሆን ደግሞ ርግጫው ይቀንሳል።

ውጅግራን እንውሰድ። ውጅግራ በ1874 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፈረንሳዮች የሠሩት ጠመንጃ ነው። ስሙም «ፊዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይ ቃል የመጣ ነው፤ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ግራ ጠመንጃውን ያወጣው የፈረንሳይ መኮንን ስም ነው እንጂ ቀኝና ግራ የምንለው ግራ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከዘመቱት አባቶቻችን ብዙዎቹ ይህን ጠመንጃ ይዘው ነበር። አንድ ጊዜ የሚያጎርሱት አንድ ጥይት ብቻ ነው። አረሩ ግን 25 ግራም ያህል ይመዝናል። ጠገራ ብር 28 ግራም ነው። እንግዲህ ውጅግራ የሚተኩሰው አንድ ጠገራ ብር ሊሞላ ጥቂት የቀረው እርሳስ ነው ማለት ነው! የክላሽ አረር 8 ግራም ያህል ነው። አያቶቻችን ትከሻችን ዛለ ሲሉ ውሸታቸውን አልነበረም።

የቆዩት የጦር ጠመንጃዎች፣ ውጅግራም ሆነ ስናድር፣ ምንሽርም ሆነ ቤልጅግ፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ሰደፋቸው ላይ ያለው ብረት ወይም ናስ ነው። ብረት ትከሻን አያዝንም። የተሠራው ለእንጨቱ ነው። ወታደር ሰደፉን መሬት ላይ ሲያቆም፣ ፎካሪም ሰደፉን መሬት ሲመታ እንጨቱ እንዳይከፈል ይጠብቃል። ጎማ ግን ለእንጨቱም ለትከሻም ነው። በቅሎ ያለ መደላድል ኮርቻ ብትጫን ጀርባዋ ይላጣል፤ መደላድል ሲገባ ክብደቱ አይቀንስም፣ ነገር ግን በሰፊው ይበተናል፣ ቀስ ብሎም ያርፋል። የጎማው ሥራ ይኸው ነው። የአደን ጠመንጃዎች አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ ጎማ ለብሰው ይመጣሉ። በአካባቢያችን ደግሞ በብረቱ ላይ የመኪና ጎማ ቆርጦ የሚመታ፣ ቆዳ የሚሰፋም ሰው አለ።

ጎማው የሚወልቀው በምን ምክንያት ነው? አንዳንዴ አርጅቶ ስለሚሰነጣጠቅ ነው። አንዳንዴ ጠመንጃው ለክንዱ አጭር ለሆነ ሰው ስለሚረዝምበት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ከሥሩ ያለውን እንጨት ለማየት ነው። ስለዚህ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ ጥይቱ ይውጣ። «ባዶ ነው» የሚለውን ቃል አትመኑ፤ ባለቤቱ ቢናገርም አትመኑ። መዝጊያውን ከፍቶ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይን ማየት፣ በጣትም መዳሰስ ያስፈልጋል። ክላሽ ደግሞ ካዝናው ስለተነቀለ ብቻ ባዶ ነው አይባልም። ካዝናው ተነቅሎ አንዲት ጥይት በውስጡ ልትቀር ትችላለች። ስለዚህ መጀመሪያ ካዝናው ይነቀል፤ ቀጥሎ ማቀባበያው ወደ ኋላ ይሳብና ውስጡ ይታይ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለት መጀመሪያ አቀባብላችሁ ኋላ ካዝናውን ብትነቅሉ፣ ሌላ ጥይት አጉርሳችሁ ትተዉታላችሁ። የወጣው ጥይት ሥራው በሚሠራበት ክፍል ውስጥ አይቀመጥ።

ይህን ያስረዘምነው በከንቱ አይደለም። ሰደፍ የሚፈታ ሰው ዓይኑ ያለው ሰደፉ ላይ ነው። አፈሙዙ ወዴት እንደሚያይ ይረሳል። ልጆች ደግሞ ሥራ ሲሠራ ማየት ስለሚወዱ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ፊት ለፊት ማለት አፈሙዙ የሚያይበት ማለት ነው! መሬት ላይ አጎዛ አንጥፉ። መዝጊያው እንደተከፈተ፣ አፈሙዙ አጎዛው ላይ አርፎ፣ ሰደፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ጠመንጃው በሁለት ጉልበታችሁ መካከል ይያዝ። እንዲህ ከተያዘ አፈሙዙ ሰው አያይም፤ ሰደፉም አይንቀሳቀስም። ልጆቹ ከኋላችሁ ሆነው ይመልከቱ።

የብረቱ አፈታት ቀላል ነው። ሁለት ብሎኖች አሉት፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። የብሎኑ ራስ ላይ ያለው ስንጥቅ በጭቃና በዝገት የተደፈነ ስለሆነ መጀመሪያ በወስፌ ይጠረግ። እናቶች፣ በዚህ ሥራ ከጠመንጃ ጠጋኝ ዕቃ ሁሉ የእናንተ ወስፌ ይበልጣል! ቀጥሎ ካቻቪቴው ይመረጥ። ጫፉ በስንጥቁ ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ፣ ከብሎኑ ራስም የማይሰፋ መሆን አለበት። ጠባብ ከሆነ ስንጥቁን ይልጣል። ሰፊ ከሆነ እንጨቱንና ብረቱን ይቧጭራል። ቢላዋ ካቻቪቴ አይደለም፤ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ ስለሆነ ሲጠመዘዝ ወደ ላይ ይሾልካል፣ እጅም ይቆርጣል።

ብሎኑ የሚፈታው የጀሪካን ክዳን በሚፈታበት አቅጣጫ ነው። እምቢ ካለ አትታገሉት። በዶሮ ላባ ጫፍ አንዲት ጠብታ ዘይት ወይም ላምባ ራሱ ላይ አድርጋችሁ አሳድሩት። በማግሥቱ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው ግፉት፤ ከዚያ ወደ መፍቻው። ዝገቱ የሚላቀቀው በዚህ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው። ብሎኖቹ ወጥተው ብረቱ ካልተነሣ ደግሞ በመዶሻ ሳይሆን በእንጨት ቁራጭ ጎን ጎኑን ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ከታች በኩል አትፈንቅሉ። የሰደፉ የታችኛው ጥግ ቀጭን ነው፤ የእንጨቱም ጭረት እዚያ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ለመሰንጠቅ ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። የቡሬው ምንሽር የተሰነጠቀው በዚህ ቦታ ነው።

ክላሽ የያዘ ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ። ሰደፉ እንጨት የሆነው ክላሽ ብረቱ ላይ ትንሽ ክብ መዝጊያ አለችው። በጣት ወደ ውስጥ ገፋ ሲያደርጓት ትከፈታለች፤ ከውስጥም የመወልወያ ዕቃ የያዘች ቀሰም በሞላ ተገፍታ ብቅ ትላለች። መወልወያውን ለማውጣት ብለው ሁለቱን ብሎኖች ሲፈቱ ያየናቸው አሉ። አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ፤ ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከፋብሪካ የመጣ የሰደፍ ጎማ ላይ ብሎን አይታይም። ሰውም «ተጣብቆ ነው» ብሎ ይፈነቅለዋል። ተጣብቆ አይደለም፤ ብሎኖቹ በጎማው ውስጥ ተደብቀው ነው። ጎማው ሲሠራ የካቻቪቴ መግቢያ የሚሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ይተዉለታል፤ ጎማ ደግሞ ተመልሶ ስለሚገጥም ቀዳዳዎቹ ሲዘጉ ዓይን አያያቸውም። ጎማውን በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ይዛችሁ በአውራ ጣት እየተጫናችሁ፣ ከላይ ወደ ታች መካከሉን ይዛችሁ ተመልከቱ። አንዲት ነጥብ ወይም አጭር ጭረት ከላይ በኩል፣ ሌላዋ ከታች በኩል ትገኛለች። ወስፌውን እዚያች ነጥብ ላይ አቁማችሁ ቀስ አድርጋችሁ ስትገፉ፣ ቀዳዳው ከሆነ ያለ ትግል ይገባና ብረት ሲነካ በእጃችሁ ይታወቃችኋል። ጎማ እየወጋችሁ ከሆነ ግን ይከብዳል፤ ያን ጊዜ አውጥታችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ካቻቪቴ ዘንጉ ድቡልቡል ሊሆን ይገባዋል። ዘንጉ ባለ አራት ማዕዘን ከሆነ ሲዞር ማዕዘኑ ጎማውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ጫፉ ላይ የተነሣ የብረት እሾህ ቢኖርበት በድንጋይ ይሳል። የብሎኑ ራስ በአንዳንዱ የመስቀል ቅርጽ ነው፤ በወስፌ ስትዳስሱ ስለሚታወቅ ካቻቪቴውም እንደዚያው ይመረጥ።

ከዚያ ዘንጉ ሳሙና ይቀባ። ጎማ የሚቀደደው በደረቁ ስለሚገፋ ነው። ደረቅ ብረት ጎማውን ይዞ ይጎትታል፤ ሳሙና የተቀባ ብረት ግን ይንሸራተታል። ቅቤስ ላምባስ አይሆንም ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁናል። አይሆንም። ለዛገ ብሎን ላምባ ደግ ነው ብለናል፤ ለጎማ ግን ጠላቱ ነው። ጎማው ላምባውን ይጠጣና ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቅርጹም ይበላሻል። ቅባትም ቢሆን ውሎ አድሮ እንደዚያው ነው። ሳሙናና ውኃ ይበቃል፤ ሥራው ሲያልቅ ግን ብሎኑ እንዳይዝግ ይወልወል።

ካቻቪቴው ስንጥቁን ከያዘ በኋላ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ መፍቻው አዙሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ብሎኑ ከእንጨቱ ሲላቀቅ ወደ ላይ ይወጣና ጎማውን ከውስጥ ይገፋዋል። ሰው ይህን ሲያይ ብሎኑን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ጎትቶ ሊያወጣው ይፈልጋል። ተዉት! የብሎኑ ራስ ከቀዳዳው ይሰፋል፤ በጉልበት ከወጣ ጎማውን ቀዶ ነው የሚወጣው። ብሎኑ ከእንጨቱ መላቀቁ ብቻ ይበቃል። ሁለቱም ከተላቀቁ ጎማው ብሎኖቹን በሆዱ እንደያዘ ብድግ ይላል። ብሎኖቹን እዚያው በጎማው ውስጥ እንዳሉ ተዉአቸው። 

ብሎኖቹ ተላቀው ጎማው አሁንም ካልተነሣ በእውነት ተጣብቋል ማለት ነው። ያን ጊዜም ጥግ ይዞ መጎተት አይገባም። በሙቅ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ጨርቅ ጎማው ላይ አቆዩበት፤ እሳት ግን አታስጠጉት። ሙጫው ሲለሰልስ ጠንካራ ቀጭን ሲባጎ ሳሙና ቀብታችሁ በጎማውና በእንጨቱ መካከል አስገቡት። ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ እያለ እንደ መጋዝ ይሳበው። ሲባጎ ሙጫውን ይቆርጣል፤ እንጨቱን አይጎዳም። ሰዓት ይፈጃል። ይፍጅ።

በምስማር የተመታ የመኪና ጎማ ከሆነ ምስማሩን በጉጠት ወይም በፒንሳ መንቀል ነው። ፒንሳው የሚደገፍበት ቦታ ግን እንጨቱ አይሁን፤ ቁራጭ ቆዳ ከሥሩ ይደረግ። ከሁሉ የሚሻለው ሰደፍን በምስማር አለመምታት ነበር፤ ምስማር እንጨትን እየከፈለ ነው የሚገባው። የተሰፋ ቆዳ ከሆነ ክሩን መቁረጥ እንጂ ቆዳውን መቁረጥ አያስፈልግም። ይህን ለእናንተ ማስረዳት የለብንም።

አሁን ጎማው ወለቀ እንበል። ከሥሩ ምን አለ? ብዙ ጊዜ ጠቁሮ የራሰ እንጨት አለ። አንዳንዴ ነጭ ሻጋታ፣ አንዳንዴም ምስጥ ወይም ነቀዝ የቦረቦረው ጉድጓድ ይገኛል። እንጨት ውኃ በብዛት የሚጠጣው በጎኑ ሳይሆን በተቆረጠው ጫፉ ነው። እንደ መብራት ክር ይስበዋል። በአገራችን ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ ጠመንጃው ከጭቃው ግድግዳ ተደግፎ፣ ሰደፉ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይከርማል። ውኃው በጎማው ዳር ይገባል፤ ጎማው ደግሞ እንዳይወጣ ይዘጋዋል። ከውጭ ሲያዩት ደኅና የሚመስል ሰደፍ ከውስጥ በስብሶ፣ ሲተኮስ በርግጫው ኃይል ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ለዚህ ነው ዋናው ምክንያት ከሥሩ ያለውን እንጨት ማየት ነው ያልነው።

የራሰው እንጨት በጥላ ሥር ይድረቅ። ምድጃ ዳር ካቆማችሁት ጫፉ ቶሎ ሲደርቅ፣ መካከሉ እርጥብ እንደሆነ ይቀርና ይሰነጠቃል። ብዙ ቀን ይፈልጋል። ከደረቀ በኋላ የተቆረጠው ጫፍ ዘይት ይቀባ። የፈረንጅ ጠመንጃ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ ሰደፍ የሚያሹት በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በተልባ ዘይት ነው! ተልባ እዚህ እናንተ ማሳ ላይ ይበቅላል። የተልባ ዘይት እንጨት ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ቅቤ ግን አይደርቅም፤ ይከረፋል፣ አይጥም ይጠራል። በቀጭኑ ቀብቶ ማድረቅ፣ ከዚያ ደግሞ መድገም ነው። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉት። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ከታፈነ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። የሣር ቤት ላለው ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ስለ ቁጥሩም አንድ ነገር እንበል። አንዳንድ የሰደፍ ብረት ላይ የተመታ ቁጥር ይገኛል። ዝገቱን ስትጠርጉ በሞረድ አትፋቁት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ጠመንጃን በፈቃድ መያዝን ያዛል፤ ፈቃድ ደግሞ ቁጥር ይጠይቃል። የጎረቤትን ብረት ከራስ ጋር መለዋወጥም ደግ አይደለም፤ ልኩም አይገጥምም። ብረቱ ላይ የተጻፈውን አሁን ራሳችሁ ልታነቡት ስለምትችሉ ደብተራችሁ ላይ ገልብጡት።

መመለሱ ከማውለቁ ይቀላል። ብሎኑን አሮጌው ቀዳዳ ላይ አስቀምጣችሁ መጀመሪያ ወደ መፍቻው በኩል ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ጠብ ብሎ ሲገባ ይሰማችኋል፤ አሮጌውን ጥርስ አገኘ ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደ ማጥበቂያው አዙሩ። ይህ ካልተደረገ ብሎኑ አዲስ ጥርስ ያወጣና አሮጌውን ያጠፋዋል። ቀዳዳው ሰፍቶ ብሎኑ የማይጨብጥ ከሆነ የጥርስ መፋቂያ የምታህል የወይራ ወይም የቀርከሃ ስንጣሪ ከቶ እላዩ ላይ ማሰር ነው። ጎማው ዳር ዳሩ ከእንጨቱ ጋር ሲገጥም ይቁም። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ጎማውን ያጎብጠዋል፣ ብሎኑንም ይበጥሳል።

ጠመንጃውን ደግሞ በጎማው ላይ አታቁሙት። ወራት ሙሉ በጎማው ከቆመ ጎማው በክብደቱ ይጠፈጠፋል። በማንገቻው ከፍ አድርጎ፣ ከጭሱም ከልጆችም አርቆ መስቀል ነው።

አሮጌው ጎማ ከተሰነጣጠቀና አዲስ ካስፈለገ ጠመንጃውን ተሸክሞ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ገበያ መውጣት አያስፈልግም። የወለቀውን ጎማ ወረቀት ላይ አስተኝታችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አዙሩበት። የሁለቱን ብሎኖች ቦታ በነጥብ አመልክቱ። በአንዱ ጫፍ «ላይ»፣ በሌላው ጫፍ «ታች» ብላችሁ ጻፉ፤ ውፍረቱንም በጣት ለክታችሁ «አንድ ጣት» ብላችሁ አስፍሩ። ወረቀቱን ለበረባሶ ሠሪው ብትሰጡት በዚያው ልክ ይቆርጥላችኋል።